የሩፊኖ እጆች

ሮም ውስጥ አንድ ሠረገላ ከስፔን አደባባይ ወደ ባቡዊኖ መንገድ ሲታጠፍ ባስቲያኖ ከቁመቱ የሚበልጥ ሸራ ታቅፎ ደረጃ እየወረደ ነበር። ግድግዳው ትከሻውን እየላጠው፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሩ ጣት እየዳበሰ ነው የሚወርደው። ግን ደስ ብሎታል። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለ ሠዓሊው ማስትሮ ፕሮስፔሮ ከታች። «እሱ ከተቀደደ ልጅህን ምን ላይ ልሠራልህ ነው?»

«ይዤዋለሁ ማስትሮ፣ ይዤዋለሁ!»

በማስትሮ ፕሮስፔሮ ኔልቢ ሥዕል ቤት የሰው ፊት የማስትሮው ሥራ፣ ከአንገት በታች ያለው ሁሉ የባስቲያኖ ነበር። የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች ሮምን ሳያዩ ሰው ሆኑ አይባልምና በየጥቅምቱ ከሞግዚትና ከአሽከር ጋር ይጎርፋሉ። ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ፤ ማስትሮው ፊታቸውን ይሠራል። አራተኛው ላይ ይሰለቻቸዋል። ልብሳቸውን ከነጓንቱ ከነሰይፉ ጥለው እሳት የሚተፋውን ተራራ ለማየት ወደ ኔፕልስ ይፈተለካሉ። ያኔ ቁመቱ የሚመጥን አንድ የሮማ ጎረምሳ ልብሱን ይለብስና ባስቲያኖ ከፋዩን፣ ዳንቴሉን፣ እጆቹን ይሠራል። ሎርዶቹ እጃቸውን የሚያሳርፉባት ውሻ እንኳ ያቺው የማስትሮው ሚስት ውሻ ናት። ባሕር ማዶ በስንት አዳራሽ እንደተሰቀለች ምስኪኗ እሷም አታውቅ!

የሎርድ ጀርቬስ አሽኮምን ቀይ ከፋይ የለበሰው ሩፊኖ ነበር። ሩፊኖ የባስቲያኖ አንድያ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ፣ ሳቂታ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት። ሎርዱም በዕድሜ እኩያው ነበር፤ አንዴ በደረጃው ላይ ተገናኝተው ወደደው። ባለፈው ሐምሌ ዳክዬ ላድን ብሎ ወደ ኦስቲያ ረግረግ ሲሄድ ጠመንጃ አሸክሞ ይዞት ሄደ። በዚያ ወር ወደዚያ ድርሽ የሚል ሮማዊ የለም፤ ሎርድ ሲጠራው እምቢ የሚል ሮማዊም የለም። በሳምንቱ ሁለቱም በትኩሳት ወደቁ። ሎርዱ ሁለት ሐኪም ተሰልፎለት ሞተ፤ ሩፊኖ በእናቱ ጭን ላይ። ሎርዱን፣ የእኛ የካቶሊኮቹ እምነት ሰው አይደለምና፣ ከከተማው ቅጥር አጠገብ ካለው ከጥንቱ የድንጋይ ፒራሚድ ሥር ቀበሩት። ሩፊኖን ከአሥራ አንድ ሰው ጋር በአንድ ጉድጓድ ከተቱት፤ ስም የሌለው ድንጋይ ተጫነበት።

ሸራው ግን አልቆ ቀረ። ከላይ የሎርዱ ፊት፣ ከታች የሩፊኖ እጆች።

ባለቤት ያጣ ሸራ በሥዕል ቤቱ ሥርዓት አይጣልም። በሰኔ እስከሚውለው የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ይጠበቅና ፊቱ ተፍቆ በሚመጣው ጥቅምት የሌላ ሎርድ ፊት ይተካበታል። ወደ እንግሊዝ ሁለት ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልስ የለም። ያን ጊዜ ነው ማስትሮው፣ ወይኑ ሞቅ ባደረገው አንድ ቀን፣ ባስቲያኖን በአንገቱ አቅፎ «እስከ መጥምቁ ድረስ ማንም ካልመጣ ሸራው ያንተ ነው» ያለው። «የእንግሊዙን ፊት ፍቄ የልጅህን ፊት በእጄ እሠራበታለሁ። እጁ እንደሆነ እዚያው አለልህ።»

ባስቲያኖ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐርና ዳንቴል ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ፊት አይሆንለትም። አልሞከረም እንዳይባል ሁለቴ ሞክሯል። አንዴ ሊጥ ሆነበት፣ አንዴ የማያውቀው ሰው ሆኖ ፊት ለፊቱ ተገተረ። ሁለቱንም እሳት ውስጥ ከተታቸው። ሚስቱ አጋታ ግን የማስትሮውን ቃል ከሰማች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆናለች። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በኖራ ቀባችው። ምስማር የመታችው ራሷ ነች፤ እሱን አላስነካችውም።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሙቀቱ ከገባ በኋላ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ሮም ውስጥ እምብዛም አይቆምም። ስለዚህ ነው ማስትሮው ዛሬ ጠዋት «ሁለት ቀን ምን ይፈይድልናል? አውርደውና እንጀምር» ያለው። «አንተ አጠገቤ ትቆምና ስለ ልጁ ታወራልኛለህ። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ሁሉን ትነግረኛለህ።» ባስቲያኖ ይህን እንደ ደግነት ቆጥሮ እጁን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሸራውን መቆሚያው ላይ አቆሙት። ማስትሮው ስስ የመፋቂያ ቢላውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ስለቱን ሞከረ። በሎርዱ ግንባር ላይ ሊያሳርፈው ሲል በሩ ተበረገደ።

«ማነው ያለ? ማስትሮ!» አባ ሴቬሪኖ ናቸው። ቅዳሴ ከቀደሱ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ለእንግዳ የጥንቷን ሮም ፍርስራሽ እያሳዩ ነው የሚኖሩት። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «እናትየው መጣች!»

«የማን እናት?»

«የአሽኮም ናታ! የሟቹ! ከሊቮርኖ ወደብ እስከዚህ ሳታርፍ ነው የመጣችው። አሁን ከመቃብሩ ይዣት መጣሁ። ኧረ ሸሚዝህን ልበስ፣ ደረጃው ላይ ናት!»

ማስትሮው ቢላውን ከጀርባው ደበቀ። ባስቲያኖ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። የማስትሮውን ትከሻ ይዞ «ማስትሮ፣ የለም ይበሏት» አለ በሹክሹክታ። «ተበላሽቷል ይበሏት። በእናትዎ!»

«አብደሃል? ፊቱ እዚህ ቁጭ ብሎ?»

ሌዲ አሽኮም ገባች። አጭር ናት። ጥቁር ልብሷ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፤ ሰው ይደግፈኝ አላለችም። ጣሊያንኛዋን ከዘፈን አስተማሪ የተማረች ነገር ትመስላለች፣ ቃሉን እየጎተተች ነው የምታወራው። ለማስትሮው አንገቷን ሰበር አደረገችና ማንም ሳያሳያት ቀጥ ብላ ወደ ሸራው ሄደች።

ብዙ ቆየች። ጎዳናው ላይ የሐብሐብ ሻጭ ይጮኻል። ባስቲያኖ ዓይኑን ከጀርባዋ ላይ አልነቀለም። ትጥላው፣ ትጥላው፣ አይመስልም ትበል እያለ በሆዱ ስለት ይሳላል፤ ለመጥምቁ ሻማ፣ ለእመቤታችን ሻማ።

«ፊቱን አክብረው ነው የሠሩት» አለች ለማስትሮው። «እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አላየሁትም።»

«እመቤቴ፣ ልጅዎ የተባረከ መልክ ነበረው።»

«እጆቹ ግን... እጆቹ ራሱ ነው። እነዚህን እጆች በጨለማ ብዳብሳቸው አላጣቸውም።» ጥቁር ጓንቷን አውልቃ ሥዕሉ ውስጥ ውሻይቱ ራስ ላይ ካረፈው ግራ እጅ አጠገብ የራሷን እጅ ዘረጋች። «አዩ? የአባቴ እጅ ነው። ከእኛ ቤት በቀር እንዲህ ያለ ጣት አይወጣም። ደም ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!»

«እውነት ነው፣ ደም ነው» አሉ አባ ሴቬሪኖ፤ እሳቸው ለምን አይሉም።

የባስቲያኖ ፊት ነደደ። ይሄ እጅ ከወንዙ ማዶ፣ ከትራስቴቬሬ፣ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ከሆነችው ከአጋታ የወጣ እጅ ነው። እናቱ ጭቃ ስታጥበው፣ አባቱ ጆሮውን ቆንጥጦ ብሩሽ ሲያስይዘው ያደገ እጅ። አሁን የሎርድ ደም ሆነ? ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ጠዋት በዚያው ባለቀ። ግን ንዴቱና ተስፋው አንድ ላይ ተነሱበት። የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ያን ነገር ካየች የኔ ልጅ አይደለም ብላ ትታው ትሄዳለች ብሎ አሰበ።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ማስትሮው በዓይኑ ገላመጠው፤ ባስቲያኖ አላየሁም አለ። የሎርዱ ልብስ ወደተቀመጠበት ሳጥን ሄዶ ቀዩን ከፋይ አነሳና ከሥሩ የግራውን ነጭ ጓንት አመጣ። «ይሄ የልጅዎ ነው። ትንሿን ጣት ይዳብሷት።»

ሌዲዋ ግራ ተጋባች፤ ግን ዳበሰችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። በሁለት ጣቷ ጨመቀችው።

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

«ጥጥ ነው።»

ባስቲያኖ ሩፊኖ ያን ጓንት መጀመሪያ ያጠለቀ ቀን ምን እንደሆነ አይረሳም። እጁን ከተተና ሳቀ። «አባባ፣ ና እይ! የሎርዱ ትንሽ ጣት ጥጥ ነው! ግማሿ የለችም!» ብሎ ጥጡን በጥርሱ መዞ አወጣው። በኋላ እንደነበረ አድርጎ መልሶ ጠቀጠቀው። ባስቲያኖም ጎዶሎ ጣት ያለው ሎርድ አይሠራምና የልጁን እጅ እንዳለ፣ ሙሉውን ሠራው።

«ሥዕሉን ይመልከቱ» አለ ባስቲያኖ። «ይሄኛው አምስቱም ጣት አለው። የልጅዎ እጅ አይደለም እመቤቴ።»

«ባስቲያኖ!» አለ ማስትሮው።

እሷ አልተቆጣችም። ወንበሩን ስባ ቁጭ አለች። ጥጡን በጥፍሯ እየነቀለች አወጣችው። ግራጫ ሆኗል፣ ላብ የጠጣ ጥጥ ነው።

«ትምህርት ቤት በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ጽፎልኝ ነበር» አለች። «እጄን በር ትንሽ ነካው፣ ድኗል አትሥጊ ብሎ። ትንሽ ነው ያለው። እኔም አልጠየቅሁ።» ጥጡን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ለዕረፍት ሲመጣ ገበታ ላይ ግራ እጁን ሰደሪያው ውስጥ ይከታል። በሰው ፊት እቆጣው ነበር። እጅህን አውጣ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጥ እለው ነበር።»

ቀና ብላ በሥዕሉ ላይ ወዳለው እጅ ጠቆመች።

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የልጄ ነው። ሩፊኖ።»

«ጥራውና ልየው።»

«ሞቷል እመቤቴ። በነሐሴ።» ባስቲያኖ ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ምላሱ ግን አመለጠው። «ልጅዎ ለአደን ሲሄድ ጠመንጃ ያሸከመው እሱን ነው። አንድ ረግረግ፣ አንድ ትኩሳት። የእርስዎ በረቡዕ፣ የእኔ በሐሙስ።» ከዚያ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። «ይተዉልኝ! ለእርስዎ ማስትሮ ፊቱን ሌላ ሸራ ላይ ይገለብጡልዎታል፣ ልክ እንደዚሁ አድርገው። ለእኔ ከዚህ እጅ በቀር ምንም የለኝም። እናቱ ምስማር መትታ ነው የምትጠብቀኝ።»

ሌዲዋ አየችው። ዓይኗ ደርቋል፣ ግን ክፉ አልነበረም። ክፉ ብትሆን ለባስቲያኖ ይቀለው ነበር።

«ስንት ዓመት አብሮህ ኖረ?»

«ሃያ።»

«በየቀኑ ታየው ነበር?»

«እዚሁ አጠገቤ ነበር እኮ፤ የት ይሄዳል?»

«እኔ በሰባት ዓመቱ ሰደድኩት። በእኛ ዘንድ ደንቡ ነው። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ እዚህ መጣ። ሁሉን ብደምረው ዓመት ቢሞላ ነው።» ተነሳች። «አንተ ዓይንህን ስትጨፍን ልጅህ ይመጣልሃል። እኔ ጣቱ ጎዶሎ መሆኑን ከሥዕል ቤት ሠራተኛ ነው የሰማሁት። ግልባጭ አልፈልግም። ልጄ የተቀመጠው በዚህ ሸራ ፊት ነው፣ ያየው ይሄንን ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ጀልባው ከሪፓ የወንዝ ወደብ ይነሳል፤ እኔም ሸራውም አብረን እንሄዳለን።»

ባስቲያኖ ከተንበረከከበት ተነሳ። ሌዲዋ ግን አልጨረሰችም።

«ጣቱን አስተካክለው።»

«እንዴት እመቤቴ?»

«እንደነበረ። አሳጥረው። ጥጥ ሲያታልለኝ ኖሯል፤ በቀለም ደግሞ ቤቴ ድረስ ተታልዬ አልሄድም።» ወንበሯን ወደ ሸራው አዞረችና ተቀመጠች። «እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

አየህ የሰው ነገር! ባስቲያኖ አፉን ዘግቶ ቢቆም ኖሮ የልጁ እጅ ሙሉውን፣ የተሳመና የተለቀሰበት ሆኖ ይሄድ ነበር። ይህን ጉድ በገዛ ምላሱ ነው የጠራው።

ብሩሽ አነሳ። በቤቱ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሳይፈቅ ከላዩ ስስ ቀለም ቢያለብሰው የታችኛው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ባስቲያኖ የውሻይቱን ጸጉር ቡናማ ቀለም በጣቱ ጫፍ በጥበጠ። እዚያው እንግሊዝ አገር ግድግዳ ላይ ሆኖ አንድ ቀን ብቅ ይላል ብሎ ልቡ ትንሽ ደፈር አለ። ማስትሮው ግን ሰባ ዓመቱ ነው፣ ይህ ዘዴ አያመልጠውም፤ ከኋላው መጥቶ ብሩሹን ከእጁ ወሰደና መፋቂያ ቢላውን አስያዘው።

«ፍቀው» አለው በለሆሳስ። «ስሜ የተጻፈበት ሸራ ነው። ወደፊት ስድስት ጣት ነው አራት ጣት ነው እየተባለ አይሳቅብኝም። እስከ ሸራው ድረስ ፍቀው።»

«እርስዎ ይፍቁት ማስትሮ። እማፀንዎታለሁ።»

«ከአንገት በታች ያንተ ነው ባስቲያኖ።»

ፋቀው። ከጥፍሩ ጀመረ። ሩፊኖ ጥፍሩን ይበላ ነበር፤ ባስቲያኖ ሲሠራው ሞላ አድርጎ፣ የሎርድ ጥፍር አስመስሎ ነበር የሠራው። ቀጥሎ መጀመሪያው አንጓ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ከአሥር ወር በላይ የደረቀ ቀለም ነው፤ ፍርፍር እያለ ወረደ። ባስቲያኖ በግራ እጁ ከሥሩ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዘለት። እጁ ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ነው፣ የጌታውን ሐዘን ሳይጠብቅ ሥራውን ይሠራል። ሸራው ገጹን ሲያወጣ በውሻዋ ጸጉር ሞላው፣ ከተቆረጠው ላይ ለስለስ ያለ ጠባሳ አደረገበት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠ እውነት የመሰለ ነገር ነበር።

ሌዲዋ ጠጋ ብላ አየችው። ሳትነካው ጣቷን ጎዶሎው ፊት ለፊት አቆመች።

«አሁን ልጄ ነው» አለች።

አሽከሮች ሸራውን፣ ከፋዩን፣ ሰይፉን፣ ጓንቱንም ይዘው ወረዱ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«የልጅህ ስም ማን ነው ያልከኝ?»

«ሩፊኖ።»

«ሩፊኖ» አለች፤ ስሙ በአፏ ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ ሄደች። ሠረገላው እስኪርቅ ድረስ የማስትሮው ሚስት ውሻ ጮኸች።

ባስቲያኖ ባዶውን መቆሚያ እያየ ቆይቶ ወደ ማስትሮው ዞረ። «ሌላ ሸራ እወጥርልዎታለሁ» አለ። «ትንሽም ይሁን። ፊቱን ብቻ። ቃል ገብተውልኛል።»

ማስትሮ ፕሮስፔሮ ንጹሕ የሆነውን ቢላ በጨርቅ ይወለውላል፣ ይወለውላል።

«ማስትሮ!»

«ምን ልበልህ ባስቲያኖ?» አለ መጨረሻ ላይ፣ ሳያየው። «ስንት ሎርድ ነው በዚህ ዓይን ውስጥ ያለፈው? የልጅህ ፊት ጠፍቶብኛል። ጥቁር ጸጉር እንደነበረው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ... አጠገቤ ቁም፣ ንገረኝ ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«አሥር ዓመት ቀለም ሲፈጭልዎት የኖረ ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ። ቀና ብዬ አላየሁትም።»

ባስቲያኖ ፍርፋሪው ያለበትን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ሸሚዙ ውስጥ፣ ከሥጋው ጋር አስቀመጠው። ኮፍያውንም ረስቶ ወጣ።

ትራስቴቬሬ ሲደርስ አጋታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለበዓሉ ዋዜማ ቀንድ አውጣ በሆምጣጤ ታጥባለች። የመጥምቁ ለት ቀንድ አውጣ አብሮ የበላ ሰው ቂም አይያያዝም ይባላል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ያለ ሰዓቱ ሲመጣ ከሩቅ ስታየው ተነሳች። ከጀርባው ሸራ የተሸከመ ሰው እየፈለገች አንገቷን አሰገገች።

«ማን ይዞልህ እየመጣ ነው?»

ባስቲያኖ አልፏት ገባ። ኖራው ገና ይሸታል፤ ምስማሩ ግድግዳው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ተከትላው ገባች፣ እጇ እየተንጠባጠበ።

«ባስቲያኖ፣ ሸራውስ?»

ወረቀቱን ከደረቱ አውጥቶ እርጥብ እጇን በቀሚሷ አደረቀላትና አስያዛት። ቀስ ብላ ፈታችው። ውስጡ የምስር ክክ የምታህል የሥጋ ቀለም ፍርፋሪ ናት። አጋታ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ምንድን ነው ይሄ? ቅመም ነው?»

«አታፍስሺው» አላት። «ትንሿ ጣቱ ናት።»